ቤቱ የኔ፣ ፈቃዱ የማን?

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ በጁገል ውስጥ ቤት ያለው ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም፦ ካርታው በስሜ፣ ግብሩን የምከፍለው እኔ፣ ታዲያ ቤቴን ለማደስ ማንን ላስፈቅድ?

ባጭሩ፣ ቤቱ ያንተ ነው። በቅርስነት ከተመዘገበ ግን እንዳሻህ አትነካውም። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ባለቤትነትህን አይነጥቅህም፤ በራስህ ወጪ ጠብቀው፣ ጥገና ከመጀመርህ በፊትም አስፈቅድ ይልሃል። ወጪው ከአቅምህ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊሸፍንልህ እንደሚችልም ይናገራል፤ ይቺን ግን ማንም ቀድሞ አይነግርህም!

ጁገል በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በግንቡ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራርም ተቆጥሮለታል። ስለዚህ ሳሎን ላስፋ ብለህ በተለያየ ከፍታ የተሠሩትን ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) አፍርሰህ ሶፋ ብትደረድርበት፣ ከውጭ ምንም ባይታይም ዋናው ነገር ሄደ ማለት ነው።

ከግንቡ ውጭ ነኝ ብለህም አትዘናጋ። በፈር ዞን የሚባለው ቅርሱን የከበበው ቦታ ነው። ጨርሶ አትሥራ አይልም፤ የምትሠራው ፎቅ ግንቡን እንዳይጋርደው ግን ቁጥጥር አለ። ፕላን ከማሠራትህ በፊት ቦታህ የት እንደሚያርፍ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አጣራ፣ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል።