ምራቅዎን በፖስታ ከላኩ በኋላ ሕጉ እስከ የት ይጠብቅዎታል?

አሜሪካ ውስጥ ምራቅን በቱቦ ልኮ የዘር ሐረግን ማወቅ ቀላል ሆኗል። ብዙው ሰው ታዲያ "የጤና መረጃዬ በሕግ የተጠበቀ ነው" ብሎ ልቡን ጥሎ ይቀመጣል። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ሂፓ የሚባለው የሕክምና ምስጢር ሕግ የሚያስረው ሐኪምን፣ ሆስፒታልንና የጤና መድን ድርጅትን ነው። የምራቅ መመርመሪያ ኪቱን በኦንላይን የሸጠልዎ ኩባንያ በአብዛኛው እዚያ ውስጥ የለም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከዚያ የተረፈው ሳያነቡ "እስማማለሁ" ያሉት ውል ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጂና የተባለ ሕግም አለ። በዘረመልዎ ምክንያት የጤና መድን ሰጪ ክፍያ እንዳይጨምርብዎ፣ አሠሪም ከሥራ እንዳያባርርዎ ይከለክላል። ጥሩ ነው፤ ግን ከ15 ሠራተኛ በታች ያለው አሠሪ አይመለከተውም። የሕይወት መድን፣ የአካል ጉዳት መድንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንም ከሕጉ ውጭ ናቸው። የሕይወት መድን ፎርም ላይ "የዘረመል ምርመራ አድርገዋል?" የሚል ጥያቄ ቢመጣ ጂና አያስጥልዎትም።

ሌላው ጣጣ ዘመድ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የምራቅ ምርመራ ኩባንያው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ላይ ሰርጎ ገቦች በቀጥታ የከፈቱት 14,000 ገደማ አካውንት ብቻ ነበር፤ ከሌላ ድረ ገጽ በተሰረቀ ፓስወርድ። ደንበኛን ከዘመዶቹ ጋር የሚያገናኘው የኩባንያው ዘመድ አፈላላጊ አገልግሎት ግን ወደ 6.9 ሚሊዮን ሰው መረጃ አሻገራቸው። የእርስዎ ፓስወርድ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የአክስትዎ ልጅ ከተዘናጋ አለቀ።

አካውንት ሲዘጉ የተቀመጠው ምራቅም መወገዱን ያረጋግጡ። በተጠናቀቀ ምርምር ላይ የዋለው መረጃ ግን አይመለስም።