ገማይንሻፍት ምንድን ነው? «ፍቅር» ማለት አይደለም

«ጀርመኖች ገማይንሻፍት የሚሉት እኛ ፍቅርና መተሳሰብ የምንለውን ነው፤ ከተማ ሲመጣ ጠፋ።» ሰሞኑን አንድ ሰው እንዲህ ሲያስረዳ ሰማሁ። ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ቃሉ ውስጥ ፍቅር የለም። «ገማይን» ድሮ የጋራ ማለት ነበር። የጋራ የሆነው ተራ ተባለ፣ ተራው ደግሞ ወራዳ። ዛሬ ጀርመን ውስጥ አንድን ሰው «ገማይን ነህ» ካላችሁት ክፉ ነህ ማለታችሁ ነው። «ሻፍት» ደግሞ እንደኛው «ነት» ነው፤ ሲገጣጠሙ «የጋራነት» እንደማለት።

ተማሪዎች አፓርታማ ተጋርተው ሲኖሩ ቤቱ ቮንገማይንሻፍት ይባላል፣ በአጭሩ «ቬጌ»። ፍሪጁን ክፈቱ። መደርደሪያው ለየሰዉ ተከፋፍሏል፣ የእንቁላሉ ካርቶን ላይ ስም ተጽፏል። ግድግዳው ላይ የጽዳት ተራ ተለጥፏል። ይህም ገማይንሻፍት ነው።

ግርታው የመጣው ከሶሲዮሎጂስቱ ፈርዲናንድ ቶኒስ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገማይንሻፍትን ከ«ገዘልሻፍት» ለየ። መንደርና ከተማን በምሳሌነት አንስቷል፣ እውነት ነው። የለየው ግን ሰው ከሰው የሚተሳሰርበትን ፈቃድ ነው። ገማይንሻፍት ትስስሩ ራሱ ስለሚፈለግ ነው፣ ገዘልሻፍት ለሚያስገኘው ጥቅም።

እድርን አስቡ። መዝገብ አለ፣ ወርሃዊ መዋጮ አለ፣ የቀረ ይቀጣል። ይህ ገዘልሻፍት ይመስላል። ቅጣቱን ፈርቶ ድንኳን የሚገባ አለ። ቅጣት ባይኖርም ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር አለ። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። እንዲያውም አንዱ ሰው ራሱ መዋጮ ሲከፍል ያጉረመርማል፣ ጎረቤቱ ሲሞት ግን ማንም ሳይጠራው ይደርሳል። ታዲያ እድሩን የቱ ልትሉት ነው? ቶኒስ ሁለቱን ቃላት የሰጠን ቅልቅሉን እንድናይበት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በተራው ጀርመንኛ ገዘልሻፍት ኅብረተሰብም ኩባንያም ነው። ጋዜጣ ላይ ስታገኙት ቶኒስን አትፈልጉ።

«ገማይንሻፍት ምንጊዜም መልካም ነው» የሚለው ግን ከሁሉም ያሳስበኛል። ናዚዎች «ፎልክስገማይንሻፍት» የሚለውን ቃል መፈክራቸው አደረጉት፤ የሕዝብ አንድነት እንደማለት። አይሁዶችን ከዚያ አስወጡ። በአደባባይ የተቃወማቸውን ቶኒስን ራሱን በ1933 ከዩኒቨርሲቲ አባረሩት። «ፎልክስገማይንሻፍት» ዛሬ ከአንድ ፖለቲከኛ አፍ ቢወጣ፣ ጀርመን ውስጥ ጫጫታ ያስነሳል።