ሊኑክስን ከምንጭ ኮድ መገንባት

ሊኑክስን ከምንጭ ኮድ የሚገነባ ሰው ሌሎች ኮምፓይል አድርገው (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ቀይረው) ያዘጋጁትን ዲስትሪቢውሽን፣ ማለትም ዝግጁ የሊኑክስ ስርጭት፣ አይጭንም። የስርዓቱ እምብርት የሆነውን ከርነል፣ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የሲ ላይብረሪ፣ ኮምፓይለሩን፣ ትዕዛዝ ተቀባዩን ሼልና ሌሎቹን መሠረታዊ ፕሮግራሞች ደራሲዎቻቸው በለቀቁት የምንጭ ኮድ ያወርዳል፣ አንድ በአንድ ኮምፓይል ያደርጋል፣ በመጨረሻም ራሱን ችሎ የሚነሳ ስርዓተ ክወና በባዶ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ ያቆማል። ፓኬጆቹ 80 ገደማ ናቸው። ሲያልቅ የሚገኘው ጥቁር ስክሪንና የትዕዛዝ መስመር ብቻ ነው፤ ዴስክቶፕም ብራውዘርም የለውም። ሆኖም በዲስኩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፋይል ከየት እንደመጣና ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ገንቢው ያውቃል፤ ብዙ ሰዓት የሚፈስበትም ለዚህ ነው።

ስራው የተቻለው ክፍሎቹ ሁሉ በነፃ ስለሚገኙ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ነፃ ስርዓተ ክወና ለመስራት ያለመውን የግኑን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1983 አስታወቀ፤ ጂሲሲ የተባለው የፕሮጀክቱ ኮምፓይለር በ1987 ወጣ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል በ1991 ይፋ አደረገ። ጄራርድ ቢክማንስ በ1999 የጀመረው «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተባለ መመሪያ ደግሞ ክፍሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገነቡ ያሳያል። በየስድስት ወሩ ገደማ ይታደሳል፤ ለብዙ ዓመታት ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶችን ለማስጀመር አንዱ እትም ሲስቪኢኒትን፣ ሌላው ሲስተምዲን ይጠቀም ነበር። ጄንቱ የተባለው ዲስትሪቢውሽንም ከምንጭ ኮድ ይገነባል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ልፋት ፖርቴጅ የተባለው ፕሮግራሙ ይወጣዋል። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ጄንቱ ይሻላል፤ ለመማር ግን በእጅ መስራትን የሚተካ የለም።

የስራው እምብርት አንድ ጥያቄ ነው፦ ኮምፓይለሩን ራሱን ማን ኮምፓይል ያደርገዋል? ጂሲሲ ሙሉ ሆኖ እንዲሰራ የሲ ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ግሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ ደግሞ ያለ ኮምፓይለር አይገነባም። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት አስቀድሞ በማሽኑ ላይ ያለው አስተናጋጅ ሊኑክስ ለጊዜው ያገለግላል። መጀመሪያ አሴምብለሩንና ሊንከሩን (የኮምፓይለሩን ውጤት ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረውንና ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥመውን) የያዘው ባይንዩቲልስ ይገነባል። ቀጥሎ ጂሲሲ፣ ከሚፈልጋቸው ከጂኤምፒ፣ ከኤምፒኤፍአርና ከኤምፒሲ የሒሳብ ላይብረሪዎች ጋር፣ ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ ብቻ፣ ትሬድና ሼርድ ላይብረሪ ሳይኖረው ይሰራል። ፕሮግራሞች ከርነሉን እንዴት እንደሚጠሩ የሚገልጹት የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ይገለበጡና በዚህ ጎዶሎ ኮምፓይለር ግሊብሲ ይገነባል። ከዚያ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪው፣ እንደ ባሽ (ሼል)፣ ኮርዩቲልስ (መሠረታዊ ትዕዛዞች) እና ሜክ (ግንባታውን የሚያስኬድ) ያሉት ጊዜያዊ መሣሪያዎች፣ ከነሱም በኋላ ባይንዩቲልስና ጂሲሲ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰራሉ። ወደ አዲሱ ስርዓት ከተገባ በኋላ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ጀማሪ ይህን ድግግሞሽ ሊዘለው ይፈተናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዙር የአስተናጋጁን አሻራ የሚያጠፋ ነው።

አስተናጋጁ ሾልኮ እንዳይገባ የሚከለክለው ብልሃት በጣም ያምራል። ጂሲሲ የሚሰራለትን ማሽን የሚገልጸው ስም በሰረዝ የተያያዙ ቃላት አሉት፤ ከነሱ መካከል የአምራቹን ስም የያዘው ቃል ይቀየራል። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፤ ስሙ ስለተለየ ግን የግንባታ ስክሪፕቶቹ ለሌላ ማሽን እንደሚሰሩ ይቆጥሩና የአስተናጋጁን ላይብረሪ መፈለግ ይተዋሉ። መሳካቱን ለማረጋገጥ ግሊብሲ እንዳለቀ አንድ ባዶ የሲ ፕሮግራም ኮምፓይል ተደርጎ የፕሮግራም ፋይልን ይዘት በሚያሳየው በሪድኤልፍ ይታያል። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ፕሮግራሙ መጥራት ያለበት «ሊብ64» ማህደር ውስጥ ያለውን ዳይናሚክ ሊንከር (ፕሮግራም ሲነሳ ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘውን) ነው። ሌላ ነገር ከታየ እዚያው ቆሞ ስህተቱን መፈለግ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚገነባው ሁሉ የተበላሸ ይሆናል።

ጥያቄው ግን በዚህ አያልቅም። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመ የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ፣ ምንጭ ኮዱ ንጹህ ሆኖ ሳለ ኮምፓይለሩ ተንኮልን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊያስተላልፍ እንደሚችል አሳይቷል። ጊክስ የተባለው የዲስትሪቢውሽን ፕሮጀክት በ2023 ከ357 ባይት ፕሮግራም ተነስቶ እስከ ጂሲሲ የሚደርስ ግንባታ ይፋ ያደረገው ይህን ስጋት ለማጥበብ ነው።

ለዝግጅት 10 ጊጋባይት ፓርቲሽን ዝቅተኛው ሲሆን 30 ቢሆን ይመቻል፤ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ካለ ስራው ሳያማርር ይሄዳል። በአስተናጋጁ ላይ «ኤስኤች» የሚለው ትዕዛዝ ወደ ባሽ የሚያመራ መሆን አለበት፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ዳሽ ወደተባለ ሌላ ሼል ስለሚያመራ ስክሪፕቶች ባልታሰበ ቦታ ይሰናከላሉ። ጊዜያዊ መሣሪያዎቹ የሚገነቡት ሩት (ሙሉ ስልጣን ያለው ተጠቃሚ) ባልሆነ፣ ለዚሁ ብቻ በተከፈተ ተጠቃሚ ነው። ምክንያቱ ከባድ ነው፦ የአዲሱን ፓርቲሽን አድራሻ የሚይዘው ቫሪያብል ባዶ ከሆነ የመጫኛው መንገድ የአስተናጋጁ ዋና ማህደር ይሆናል። በሩት የሚሰራ ሰው በዚያች ቅጽበት የራሱን ግሊብሲ ደምስሶ ማሽኑን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ ተራ ተጠቃሚ ግን «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ብቻ ያገኛል።

የየፓኬጁ አካሄድ ብዙም አይለያይም፦ የታሸገውን ፋይል መፍታት፣ ኮንፊገር ማድረግ (ለማሽኑ ማስተካከል)፣ በሜክ መገንባት፣ መሞከር፣ መጫን፣ ከዚያም የተፈታውን ማህደር ማጥፋት። የመጨረሻዋ እርምጃ በብዛት ትረሳለች። በመጀመሪያው ዙር የተገነባበትን የጂሲሲ ማህደር ለሁለተኛው የሚጠቀም ሰው የቀድሞው ቅንብር ቅሪት ስለሚቀላቀልበት ለመረዳት የሚያስቸግር ስህተት ይገጥመዋል።

ሜክ ብዙ ስራ በትይዩ ሲያስኬድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሆኖም ትልልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ትይዩ ስራ 2 ጊጋባይት ያህል ሚሞሪ ሊፈልጉ ይችላሉ። ሚሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚቀረውም ስራው «ተገደለ» የሚል አጭር መልእክት ነው። ትክክለኛው ስህተት ከመጨረሻው መስመር ብዙ ከፍ ብሎ ሊቀበር ስለሚችል በአንድ ስራ ብቻ መልሶ ማስኬድ ያጋልጠዋል። ጂሲሲ በየጊዜው በተለያየ ቦታ ከወደቀ ጥርጣሬው ወደ ሚሞሪ ቺፕና ወደ ሙቀት ይሂድ፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከወደቀ ችግሩ ከሶፍትዌር ነው።

ጊዜያዊ መሣሪያዎቹ ሲያልቁ አዲሱን ማህደር እንደ ዋና ማህደር በሚያስቆጥረው በ«ችሩት» ትዕዛዝ ወደዚያው ይገባል። ከዚያ በፊት ዴቭ፣ ፕሮክ፣ ሲስና ራን የተባሉት የከርነል ማህደሮች ማውንት መደረግ (ከአዲሱ ማህደር ጋር መያያዝ) አለባቸው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ከተነሳ እንደገና። ጊዜያዊ መሣሪያዎቹን በሙሉ ጠቅልሎ ባክአፕ መያዝ ያለበትም የመጨረሻው ግንባታ ሳይጀመር ነው። የባይንዩቲልስ፣ የግሊብሲና የጂሲሲ ሙከራዎች ረጅም ቢሆኑም መዘለል የለባቸውም፤ ጥቂት የታወቁ ውድቀቶች አያስደነግጡም፣ በርካታ ያልተጠበቁ ውድቀቶች ግን ወደ ኋላ መመለስን ይጠይቃሉ።

ብዙ ግንባታ የሚሰናከለው ከርነሉ ላይ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ዋናውን ፋይል ሲስተም ማውንት ማድረግ አልቻልኩም ብሎ ሲቆም፣ ከመልእክቱ ጋር የሚታየው ቁጥር «ዜሮ፣ ዜሮ» ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከርነሉ ዲስኩን ጭራሽ አላየውም ማለት ነው። ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ ሚሞሪ ውስጥ የሚጫን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) በሌለበት የዲስኩ መቆጣጠሪያና የፋይል ሲስተሙ ድራይቨሮች በከርነሉ ውስጥ እንጂ በሞጁል (ተለይቶ በሚጫን ፋይል) መልክ መሰራት የለባቸውም፤ ሞጁሉ የሚነበበው ገና ካልተከፈተው ዲስክ ነውና። ከርነሉን ለሚያስነሳው ለግራብ የሚሰጠው የዋናው ፋይል ሲስተም አድራሻም የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ከርነሉ የፋይል ሲስተሙን መለያ ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ አያውቀውም፣ የዲስክ ስም ደግሞ ሌላ ዲስክ ሲሰካ ሊለዋወጥ ይችላል። ለመጀመሪያ ሙከራ ኬሙ በተባለው ፕሮግራም በሚፈጠር ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተርን በሚመስል ሶፍትዌር) ውስጥ መገንባት የአስተናጋጁን ማስነሻ ከአደጋ ያድናል።

ከተነሳ በኋላ ስርዓቱ ፓኬጅ ማኔጀር (ፓኬጆችን የሚጭንና የሚያድስ ፕሮግራም) ስለሌለው የደህንነት ማስተካከያዎችን መከታተል የባለቤቱ ስራ ነው። እያንዳንዱን ፓኬጅ በቀጥታ ከመጫን በፊት «ዴስትዲር» በሚባለው የሜክ ቫሪያብል ወደ ጊዜያዊ ማህደር ማውጣትና የፋይሎቹን ዝርዝር መመዝገብ ኋላ ለማራገፍ ይረዳል። ግሊብሲን ወደ ቀድሞ እትም መመለስ ግን አይገባም፤ በአዲሱ ላይ የተገነቡ ፕሮግራሞች የሚጠሯቸውን ፈንክሽኖች ያጡና ሼሉ ራሱ ላይከፈት ይችላል።