ፖሊስና ጎረምሳ፦ በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

አንዳንድ ፖሊስ ጎረምሶችን እንደ ታላቅ ወንድም እየቀረበ ይመክራል፣ ያሠለጥናል። ስለዚህ ቅርርብ የሚባሉ አምስት ነገሮችን እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

«እስር ቤት አሳዩት፣ ፈርቶ ይተዋል»

ብዙ ወላጅ በዚህ ያምናል። እኛስ «ፖሊስ እጠራብሃለሁ!» እየተባልን አይደል ያደግነው? አሜሪካኖች ግን በፕሮግራም ደረጃ ሞክረውታል። በ1970ዎቹ፣ ኒው ጀርዚ ራህዌይ እስር ቤት ውስጥ፣ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ታዳጊዎች ላይ እየጮሁ ያስፈራሩ ነበር። ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት፤ ኦስካር ወሰደ፤ ሌሎች ግዛቶችም ቀዱት። በኋላ ተመራማሪዎች እዚያ የገቡትንና ያልገቡትን ልጆች ሲያወዳድሩ፣ ይበልጥ ጥፋት ውስጥ የተገኙት የገቡት ሆኑ። ማስፈራራቱ ጭራሽ አባሰው።

«ፖሊስ የሚቀርበው ያጠፋ ልጅን ነው»

1954፣ ሉዊቪል፣ ኬንታኪ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብስክሌቱ ይሰረቅበታል። ልጁ ለማመልከት ፖሊስ ሲፈልግ «ምድር ቤት ውስጥ ቦክስ የሚያሠለጥን ፖሊስ አለ» ይሉታል። ልጁ ጆ ማርቲን ፊት ቆሞ ሌባውን ሊደበድብ እያለቀሰ ይዝታል። ማርቲን ደግሞ መጀመሪያ መደባደብ ተማር ይለዋል። ልጁ ካሲየስ ክሌይ ነው፣ የኋላው መሐመድ አሊ። ማርቲን እስከ 1960ው የሮም ኦሎምፒክ ድረስ አሠለጠነው። (አዎ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ሮም።) ልብ በሉ፣ ልጁ ተበዳይ ነበር። ፖሊሱም ቃሉን ተቀብሎ ሊሸኘው ይችል ነበር።

«ጥሩ ምክር ይበቃል»

አይበቃም። ዴር የተባለው ፕሮግራም በ1983 ሎስ አንጀለስ ተጀመረ። ፖሊስ ዩኒፎርሙን ለብሶ ክፍል ይገባና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ያስተምራል። በ1990ዎቹ የወጡ ጥናቶች ዘላቂ ውጤት አላገኙበትም።

«ልጁን ለትንሽ ጊዜም ቢሆን መቅረብ አይጎዳም»

እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ልጆችን ከበጎ ፈቃደኛ አዋቂዎች ጋር በሚያጣምረው የአሜሪካው ድርጅት ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ቅርርብ ልጆቹን ጠቅሟል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወርዶ ተገኘ። አባቱ ጥሎት የሄደ ልጅ ሌላ ሰው ሲጠፋበት ምን እንደሚያስብ አስቡት።

«ልጅ የሚቀርብ ፖሊስ ጆሮ ጠቢ ነው፤ ወይም እሱን መጠርጠር ከንቱ ነው»

ሁለቱም ችኩል ድምዳሜ ነው። እስራኤል ውስጥ በ2015 አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ፤ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ይህን ያየ ልጅ፣ ፖሊስ ኳስ ይዞ ስለመጣ ብቻ ልቡን አይሰጥም። ወላጅም ፖሊሱን ፊት ለፊት ቢጠይቀው ነውር የለውም፦ ልጄ የሚነግርህ ነገር የት ይደርሳል? ሌላ ጣቢያ ብትዛወርስ ማን ይተካሃል?