ሞለኪውልን ማየት ወይስ መዳበስ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣች አንዲት ዝነኛ ምስል አለች። ዶን አይግለርና ባልደረባው ካሊፎርኒያ በሚገኝ ቤተ ሙከራ 35 የዜኖን አቶሞችን ኒኬል ላይ ደርድረው የመሥሪያ ቤታቸውን ስም፣ አይቢኤም የሚለውን፣ ጻፉባቸው። ከዚያ ወዲህ አቶምንና ሞለኪውልን አንድ በአንድ ስለማየትና ስለማንቀሳቀስ፣ ይህን ስለሚያደርገው ማይክሮስኮፕም ብዙ ይወራል። ግማሹ ልክ አይደለም።

«ማይክሮስኮፑ ኃይለኛ ካሜራ ነው»

አይደለም። ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ነው። አቶም ደግሞ አንድ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ብርሃን አቶምን ለይቶ ለማየት መሞከር በአካፋ ጤፍ አንድ በአንድ እንደ መልቀም ነው።

ጌርድ ቢኒግ እና ሃይንሪክ ሮረር በ1981 ዙሪክ አጠገብ የሠሩት ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የሚሠራው በዳበሳ ነው። ጫፉ አንድ አቶም እስኪቀረው የሾለ የብረት መርፌ አለው። መርፌው ከሥሩ ያለውን ብረት አይነካም። ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ያንዣብባል። ትንሽ ቮልቴጅ ሲሰጠው ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ሾልከው ያልፋሉ። ክፍተቱ በ0.1 ናኖሜትር ብቻ ሲሰፋ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። መሣሪያው መስመር በመስመር እየሄደ ይህን ይለካል፣ ኮምፒውተር ምስል ያደርገዋል። ያ የሚያምረው ሰማያዊና ወርቃማ ቀለምስ? የኮምፒውተር ቅብ ነው። እኔ በበኩሌ ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ አያታልልም።

«ጉብ ያለው ሁሉ አቶም ነው»

መርፌው የሚዳብሰው ኤሌክትሮኖችን ነው እንጂ ቅርጽን አይደለም። መዳብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል በምስሉ ላይ ጉድጓድ መስሎ ይታያል! መርፌው ራሱ ጫፉ ላይ አንድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተጣበቀበት ግን ያው ሞለኪውል ጉብ ብሎ ይወጣል። በ2009 ተመራማሪዎቹ እነ ሊዮ ግሮስ ይህንኑ ጫፍ ፍሰት ሳይሆን ኃይልን በሚለካ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጠቀሙበት። ፔንታሲን የተባለው ሞለኪውል ከካርቦን የተሠሩ አምስቱም ቀለበቶች ቁልጭ ብለው ወጡ።

«ሞለኪውሉን እንደ ወረንጦ ይዞ ያነሳዋል»

መርፌው አንድ ጫፍ ብቻ ነው ያለው፤ በምኑ ይይዘዋል? ብዙ ጊዜ መርፌውን ትንሽ ያስጠጉታል። ያኔ ሞለኪውሉ ከብረቱ ሳይላቀቅ ተስቦ ይከተለዋል። የተፈለገው ቦታ ሲደርስ መርፌው ከፍ ይላል፣ ሞለኪውሉ እዚያው ይቀራል። ሌላው መንገድ መግፋት ነው።

በ2017 ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ በተደረገው፣ እያንዳንዱ መኪና አንድ ሞለኪውል በሆነበት የሞለኪውል መኪኖች ውድድር ግን መግፋት ክልክል ነበር። የሚነዱት በኤሌክትሪክ ነበር። የስዊሶቹ ቡድን ወርቅ ላይ 130 ናኖሜትር ገደማ ለመሄድ 6 ሰዓት ተኩል ፈጅቶበታል። ቀንድ አውጣ ሳይታዘባቸው አልቀረም።

«ያለ ቅዝቃዜ አይሆንም»

ብዙው ሥራ በፈሳሽ ሂሊየም፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሠራል። ካልቀዘቀዙ ትናንሾቹ ሞለኪውሎች ብረቱ ላይ ይሯሯጣሉ። ሆኖም በ1996 ተመራማሪዎቹ እነ ጊምዜቭስኪ ትልልቅ ሞለኪውሎችን በተራ የክፍል ሙቀት መዳብ ላይ እየገፉ አሰልፈዋል።

«በቅርቡ ማንኛውንም ዕቃ እንዲህ እንሠራለን»

አንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ ከሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ሞለኪውል አለ። በየሰከንዱ አንድ አንድ ብናስቀምጥ የዩኒቨርስ ዕድሜ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ ለዚያች ጠብታ አይበቃም።