«በትውልድ ኢትዮጵያዊ»፦ የአንድ ሕገ መንግሥታዊ መስፈርት መነሻና ክርክሩ

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በትውልድ ኢትዮጵያዊ መሆንን ደጋግሞ ይጠይቃል። መራጩ 21 ዓመት የሞላው፣ ለሕዝብ እንደራሴነት የሚወዳደረው 25 ዓመት የሞላው፣ ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚሾመው ደግሞ 35 ዓመት የሞላው በትውልድ ኢትዮጵያዊ መሆን ነበረበት። ሚኒስትር ላይ ሲደርስ መስፈርቱ ይጠብቃል፤ ሰውየው ሲወለድ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ካልነበሩ አይሾምም። ዜግነቱን በማመልከቻ ያገኘ ሰው እንግዲህ ግብር ይከፍላል፣ በሕግ ይዳኛል እንጂ ድምፅ እንኳ አይሰጥም ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱም የክርክሩ ወገኖች ቅርብ ናቸው። የዘመናዊውን ሕግ ታሪክ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ የጥንቱን ደግሞ በጣና ዙሪያ ባሉት የጎጃምና የጎንደር ጉባኤ ቤቶች።

አንደኛው ወገን መስፈርቱ ከአሜሪካ የተቀዳ ነው ይላል። መነሻ አያጣም፤ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዝግጅት ላይ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ተሳትፏል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ፕሬዚዳንቱ በትውልድ ዜጋ እንዲሆን ያዛል። የዚያ አንቀጽ መነሻ ራሱ በአገሩ ያከራክራል። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ጄይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1787 ለጆርጅ ዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ የውጭ ሰዎች ወደ መንግሥት አስተዳደር እንዳይገቡ ብርቱ መከላከያ እንዲበጅና የጦር አዛዥነቱ በትውልድ ዜጋ ላልሆነ ሰው እንዳይሰጥ አሳስቧል። ቃሉ በሕገ መንግሥቱ ሲገባ ግን ትርጉም አልተሰጠውም። ስለዚህ ገሚሱ በእንግሊዝ የቆየ ሕግ መሠረት በአገሩ ምድር የተወለደ ሁሉ ማለት ነው ሲል፣ ገሚሱ ከዜጋ ወላጆች የተወለደ ማለት ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው የዜግነት ሕግ ከዜጎች በውጭ አገር የሚወለዱ ልጆችን በትውልድ ዜጋ አድርጎ ቆጠራቸው፤ በ1795 የተተካው ሕግ ደግሞ ዜጋ ብቻ ብሎ አለፈ።

የአሜሪካው ግን ለፕሬዚዳንቱና ለምክትሉ ብቻ የተቀመጠ መስፈርት ነው። የኛው ከመራጩ እስከ ሚኒስትሩ ይዘልቃል። የኛው የቆመውም በወላጅ ላይ እንጂ በተወለዱበት ምድር ላይ አይደለም። ይህን ያመጣው ስፔንሰር ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አስቀድሞ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ነበር። በዓመቱ የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ የሚያሰኘውን ነገር ሕግ ይወስነዋል ብሎ ለዚሁ ሕግ ተወው። የ1948ቱ አርቃቂዎች የዘር ሐረጉን የተቀበሉት ከቤት ነው።

ሁለተኛው ወገን ሥሩን በፍትሐ ነገሥት ይፈልገዋል፤ እኔም ክብደቱ ወደዚህ ያደላል ባይ ነኝ። ይህ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዘመን ግብጽ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ስለ ነገሥታት የሚናገረው አንቀጽ 44 የኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 17 ይዞ ይነሣል፦ የምታነግሠው ከወንድሞችህ አንዱን ይሁን፣ ባዕድና የማያምን አታንግሥ። በጉባኤ ቤት ተማሪው ግእዙን ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፤ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ወንድም የሚባለው በሥጋ ነው ወይስ በሃይማኖት የሚለው ጥያቄ ለዚህ አካሄድ የተመቸ ነው።

ታሪክም በዚሁ በጣና ዳርቻ ጥያቄውን በተግባር አቅርቦታል። ዐፄ ሱስንዮስ በትውልዳቸው ከነጋሢው ዘር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ግን የአገሬው ሰው ተነሣባቸው፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ የኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ) ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ዛሬም አለ። ያኔ ሱስንዮስን ባዕድ ያደረጋቸው እምነታቸው ነበር፤ የልደት ሐረጋቸው አላዳናቸውም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱንም ጠየቀ፦ ከሰሎሞን ወገን መወለድን፣ የኦርቶዶክስን እምነት መያዝን። ለሹመኛውና ለመራጩ ግን ልደቱን ብቻ አስቀረ።

ይኸው ፍትሐ ነገሥት ለጳጳሱ ተቃራኒውን ማዘዙ ሊታለፍ አይገባም። የኢትዮጵያ ሰዎች ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል፤ ጳጳሱ ከእስክንድርያ ይመጣል። ንጉሡ የአገር ልጅ፣ አቡኑ የውጭ ሰው ሆነው ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረናል። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ያ ክልከላ አበቃ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ የወጣው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ሁሉ ለአገር ተወላጅ ሲያደርግ፣ አርቃቂዎቹ የዚህ ረጅም ጥገኝነት ትዝታ አልነበራቸውም ለማለት ይከብደኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የትውልድ መስፈርቱን ትቶታል። አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆነን ሰው ዜጋ ይለዋል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት የተደነገገበት አንቀጽ 38 በትውልድ ዜጋ በሆነውና ዜግነት በተሰጠው መካከል አይለይም። የ1922ቱ ሕግ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው አማርኛ መናገርና መጻፍ እንዲችል ያስገድድ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 378 ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን ማወቅ ይበቃል አለ።

ዛሬ ጥያቄው በሌላ በር ገብቷል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ባሕር ዳር ላይ ያለ ቪዛ ይኖራል፣ በስሙ ቤት ይይዛል፣ ይሠራል። ወላጆቹ የዚያው የጣና ዳር ሰዎች ቢሆኑም አይመርጥም፣ አይመረጥም። ዜግነት የተሰጠው ጎረቤቱ ግን ይመርጣል።