የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽና የከተማው ውል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በካሊፎርኒያ ብዙ ከተሞች መሃል ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀረ አንድ ዓይነት ሕንፃ ይገኛል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለዘማቾች መታሰቢያ ተብሎ የተሠራ ነው። ውስጡ ሰፊ አዳራሽ፣ መድረክ፣ ትልቅ ወጥ ቤትና ጠባብ የስብሰባ ክፍሎች አሉት። በኦክላንድ ግራንድ አቬኑ ላይ ያለው የ1928 ሕንፃ አንዱ ሲሆን የአረጋውያን ማዕከል ሆኖም ሲያገለግል ቆይቷል። የእነዚህ ሕንፃዎች ባለቤት በአብዛኛው ከተማው ወይም ካውንቲው (ከከተማ ሰፋ ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ነው። በየቀኑ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን እንደ አሜሪካን ሊጅን ያለ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነው። እኛ ሐበሾችም እንዲህ ያሉትን አዳራሾች ለሰርግ፣ ለክርስትናና ለእድር ስብሰባ ስለምንከራያቸው እናውቃቸዋለን።

ታዲያ የማኅበሩ ውል የሚያበቃበት ጊዜ ሲቃረብ ወሬው ይነሳል። አንዱ «ከተማው አዛውንቶቹን ሊያባርር ነው» ይላል፤ ሌላው «በነፃ ሲኖሩበት ኖረው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ውሉን አላነበቡትም። የካሊፎርኒያን ሕግ መሠረት አድርጌ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እዚህ እመልሳለሁ።

«ስልሳ ዓመት ኖረውበታል፤ ከእንግዲህ የእነሱ ነው»

ይህን አባባል ከእኛ ሰው አፍ ብሰማው አይደንቀኝም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት የሆኑትን ቤቶች ያስታውሳል። የቀበሌ ቤት በወረቀት የመንግሥት ይሁን እንጂ በኑሮ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲሸጋገር አይተናል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ አይሠራም። የግዛቲቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1007 የሕዝብ ንብረት በረጅም ይዞታ ብቻ ወደ ግለሰብ ወይም ወደ ማኅበር እንደማይዞር በግልጽ ይደነግጋል። ስልሳ ዓመትም ሆነ መቶ ዓመት ለውጥ አያመጣም።

ነገር ግን «እንግዲያው እንደ ማንኛውም ተከራይ ናቸው» ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ማኅበሩ ሕንፃው ውስጥ የተቀመጠው በምን መብት እንደሆነ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ በተራ የኪራይ ውል ነው። አንዳንዱ ካውንቲው በቀድሞ ወታደሮች ሕግ መሠረት ለማኅበራቱ የሰጠው ሕንፃ ነው። በዚህኛው መንገድ የተሰጠና ማኅበሩም ተቀብሎ የገባበት ሕንፃ፣ ማኅበሩ ግዴታውን እስካልጣሰ ድረስ ምትክ ሳይዘጋጅለት በቀላሉ አይነጠቅም። ሦስተኛው ዓይነት በአደራ ስምምነት የሚተዳደር ነው።

የዚህ የሦስተኛው ዝነኛ ምሳሌ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማዋ ባለጸጎች የኦፔራ ቤት ሊሠሩ መዋጮ ጀመሩ፤ ገንዘቡ ስላልበቃ የቀድሞ ወታደሮቹን አጋር አደረጉ። በ1921 የአደራ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1927 መራጩ ሕዝብ የ4 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ፤ በ1932 ኦፔራ ቤቱና የቀድሞ ወታደሮች ሕንፃው ጎን ለጎን ተከፈቱ። ባለቤቱ ከተማው ነው፤ የወታደሮቹ ማኅበራት ግን እዚያ የሚገኙት በየጊዜው በሚታደስ ውል ሳይሆን በዚያ አደራ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. (በ1945 እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ የቀድሞ ወታደሮች ሕንፃ አዳራሽ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ አክሊሉ ሀብተወልድ ነበሩ። ስለዚህ አዳራሹን «የነጮቹ አዛውንቶች ክበብ» ለሚለው ወዳጄ፣ የአገርህም ፊርማ እዚያ አለበት እለዋለሁ።

«በዓመት አንድ ዶላር መክፈል ነፃ ማለት ነው»

ከሁሉም የሚያሳስተው ይህ ነው። በስም ብቻ የሚከፈል ኪራይ በእነዚህ ውሎች ውስጥ የተለመደ ነው። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 16 ክፍል 6 ደግሞ የሕዝብን ገንዘብና ንብረት ለግል ወገን በስጦታ መስጠትን ይከለክላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ከተማው ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር በምላሹ ማግኘቱን በማሳየት ነው። ማኅበሩ ለዘማቾች የጡረታና የሕክምና ጥያቄ ያለ ክፍያ ይሞላል፤ አዳራሹን ለሰፈሩ ክፍት ያደርጋል፤ በብዙ ውሎች ደግሞ የሕንፃውን ጥገና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይሸከማል።

ጉዳዩ ያለው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፈው ሕንፃ አንድ ዶላር የሚከራየው ሁለተኛው ገጽ ላይ «ተከራዩ ሕንፃውን በጥሩ ሁኔታ ይጠብቃል» የሚል መስመር ስላለ ሊሆን ይችላል። በ1970ዎቹ ሲፈረም ያ መስመር ቀለም መቀባትና አምፖል መቀየር ማለት ነበር። ዛሬ ግን የጣሪያ ሙሉ ቅያሪ፣ የማሞቂያ ቦይለር፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የእሳት ማንቂያና በቧንቧ ዙሪያ የተጠመጠመ የአስቤስቶስ ሽፋን ማስወገድ ማለት ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንደሚከሰት በቅርብ እንመልከት። የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ጣሪያ አላቸው፤ ዙሪያውን ከፍ ያለ ግንብ ይከበዋል። የዝናብ ውሃ የሚወርደው በጥቂት ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ በቅጠል ሲደፈኑ ውሃው ይተኛል፤ የተኛው ውሃ በአሮጌው ሬንጅ ስንጥቅ ሰርጎ መድረኩ ላይ ይንጠባጠባል። ከማኅበሩ አባላት አንዱ ባልዲ ያስቀምጣል። ማኅበሩ «ጣሪያ የባለቤቱ ነው» ብሎ ለከተማው ይጽፋል። ከተማው «ቀዳዳ ማጽዳት የተከራይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ውሉን ካነበቡት ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ቀዳዳው ባለመጽዳቱ ለተበላሸ ጣሪያ ማን እንደሚከፍል የትም አልተጻፈም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ ልስኑ ወድቆ አዳራሹ ይዘጋል።

በእኔ ግምት በውል እድሳት ድርድር ላይ የኪራዩ መጠን ከሚወስደው ጊዜ ውስጥ ግማሹ ለዚህ አንቀጽ ቢሰጥ ይሻል ነበር። «መደበኛ ጥገና» የሚለው ቃል በዝርዝር ይጻፍ፤ መሠረት፣ ምሰሶና ጣሪያ በስማቸው ይጠቀሱ፤ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ የሚጠይቅ ሥራ የማን እንደሆነ ይወሰን። ከመፈረሙ በፊትም አንድ መሐንዲስ ሕንፃውን ይመርምረው። ሪፖርቱም ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ያኔ ዛሬ የነበረው ጉድለት ነገ በተከራዩ አይላከክም።

«ውሉ ቢያልፍም ኪራዩን እየተቀበሉ ነው፤ ስለዚህ ታድሷል»

በከፊል እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1945 መሠረት ውሉ አልፎ ተከራዩ ሲቀመጥና አከራዩ ኪራይ ሲቀበል ውሉ በነበረበት ሁኔታ እንደታደሰ ይገመታል። ኪራዩ በየወሩ የሚከፈል ከሆነ ግን የሚታደሰው ለአንድ ወር ነው፤ በምንም ሁኔታ ደግሞ ከአንድ ዓመት አያልፍም። ብዙ ጊዜ ውሉ ራሱ ስለዚህ ጊዜ የተለየ ነገር ይደነግጋል።

ማኅበሩ እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ማንም አያስወጣውም። ችግሩ የሚታየው ለወጥ ቤቱ ማደሻ እርዳታ ሲጠይቅ ነው። በወር ማስታወቂያ ሊወጣ ለሚችል ተከራይ ገንዘብ የሚሰጥ ፋውንዴሽን ማግኘት ከባድ ነው። የቀድሞው ውል የማራዘም መብት ይሰጥ ከነበረ ደግሞ፣ ያ መብት በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተጠየቀ ይቀራል። አንድ የምክር ቤት አባል በዓመታዊ በዓል ላይ «አይዟችሁ፣ እናድስላችኋለን» ማለቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«ረጅም ውል ሁልጊዜ ይሻላል»

የካሊፎርኒያ ከተማ ንብረቱን በመደበኛው መንገድ እስከ 55 ዓመት ሊያከራይ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች «ሃምሳ አምስቱን ጠይቁ» ይላሉ። ነገር ግን የአሜሪካን ሊጅን አባላት ቁጥር ከፍተኛው ላይ የደረሰው በ1946 ሲሆን 3.3 ሚሊዮን ነበር፤ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በታች ነው። የቬትናም ዘማቾች ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ሙሉ የጥገና ግዴታ ያለበትን የሃምሳ ዓመት ውል መፈረም ገና ላልተቀላቀለ አባል ዕዳ ማስቀመጥ ነው። አሥር ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ የመራዘም መብት ያለው፣ ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ ቢጎዳ ከግዴታ የሚወጣበት በር የተቀመጠለት ውል የተሻለ ይመስለኛል።

«የወታደር ጉዳይ የፌዴራል ነው፤ ዋሽንግተን ይክፈል»

አይከፍልም። የፌዴራሉ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ሆስፒታልና ጡረታ እንጂ የማኅበራትን አዳራሽ አያስተዳድርም። የሊጅን ብሔራዊ ጽሕፈት ቤትም ቢሆን የየሰፈሩን ቅርንጫፍ ዕዳ አይሸከምም፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ውል የሚፈርምና በፈረመው የሚጠየቅ ነው።

«ከግብር ነፃ ናቸው»

ከገቢ ግብር፣ በአብዛኛው አዎን። የቀድሞ ወታደሮች ድርጅት ለሚባለው የግብር ምድብ ቢያንስ 75 በመቶው አባላት በጦሩ ያገለገሉ ወይም የሚያገለግሉ መሆን አለባቸው። የንብረት ግብር ግን ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥትን ሕንፃ ተከራይቶ ለብቻው የሚይዝ ወገን በይዞታ መብቱ ላይ ግብር ሊጣልበት ይችላል፤ ነፃ መሆን የሚፈልግ ማመልከትና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ገንዘብ ያዡ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ የካውንቲው ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣ ነው፤ ውሉ ግን ግብሩ ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ጽፎት ነበር።

«ቅርስ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ የዛሬው ደንብም አይመለከተውም»

ሁለቱም ስህተት ነው። በ1966ቱ ሕግ በተቋቋመው ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈር ብቻውን ባለቤቱን ከማፍረስ አይከለክለውም፤ የሚያስረው የአካባቢው የቅርስ ደንብና የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሂደት ነው። ከተማው ለመሸጥ ቢፈልግ እንኳ በመጀመሪያ ንብረቱ ትርፍ መሆኑን በይፋ ስብሰባ ማወጅና ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው መኖሪያ ለሚሠሩ አካላት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። «ነገ ለባለሀብት ይሰጡታል» የሚለው ፍርሃት እዚህ ላይ ትንሽ ይረግባል።

የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው የ1990 የፌዴራል ሕግም «ሕንፃው የ1928 ነው» ተብሎ አይታለፍም። አባላት ብቻ የሚገቡበት የግል ክበብ ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ አዳራሹን ለእኛ ሰርግ ባከራየበት ቀን ግን ያ ነፃነት በዚያው ልክ ይቀራል። አከራይና ተከራይ ወጪውን በውል ሊከፋፈሉ ይችላሉ፤ ክፍፍሉ የሚሠራው ግን በሁለቱ መካከል ነው። በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ደረጃ ላይ የቀረች እንግዳ ሁለቱንም መጠየቅ ትችላለች።

የመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከሪያ ከሁሉም ውዱ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው የቀድሞ ወታደሮች ሕንፃ ለዚህ ሥራ በ2013 ተዘግቶ በ2015 ነው የተከፈተው። ማንም ማኅበር ይህን በራፍል (በሎተሪ) ሽያጭ ሊሸፍነው አይችልም፤ ስለዚህ በውሉ እድሳት ላይ በግልጽ ወደ ከተማው የሚመደብ ወጪ መሆን አለበት። የካሊፎርኒያ የታሪካዊ ሕንፃዎች ደንብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አማራጭ ዘዴዎችን ስለሚፈቅድ ወጪውን ሊያቀልል ይችላል።

«ምክር ቤቱ በር ዘግቶ ጨርሶታል»

በር የሚዘጋበት ነገር አለ። የስብሰባዎች ግልጽነት ሕጉ ምክር ቤቱ ስለ ዋጋና ስለ አከፋፈል ለተደራዳሪው መመሪያ በዝግ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በፊት ግን የትኛው ንብረት እንደሆነና ተደራዳሪው ማን እንደሆነ በይፋ መናገር አለበት። ምክር ቤቱ ውሉን በመደበኛ ስብሰባ የሚያጸድቅ ከሆነ ደግሞ አጀንዳው ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። ረቂቁ ውል አብዛኛውን ጊዜ ከሠራተኞቹ ሪፖርት ጋር ይያያዛል። ስብሰባው ላይ ለመገኘት ዜግነት አይጠየቅም፤ ስም መመዝገብም ግዴታ አይደለም። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ የጥገናውን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሶ «ጣሪያው የማን ነው?» ለማለት ይበቃል።